ከመንዝ ደጋ ወደ ጣና፦ ቤተሰብ ጀልባ ከመሳፈሩ በፊት

የዛሬው ዓምዳችን መነሻ ከዘመሮ የተላከልን ጥያቄ ነው። ጠያቂዋ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ዕቁብ በወጣላቸው ገንዘብ ልጆቻቸውንና አማታቸውን ይዘው በመጪው ጥር ወደ ባሕር ዳር በመውረድ በጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ ለመንሸራሸር አስበዋል። የመጨረሻዋ ልጅ ገና ጡት አልጣለችም። ከስድስቱ የቤተሰብ አባሎች መካከል ዋና የሚችል አንድም ሰው የለም። ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ «ምን ምን ይዘን እንሂድ?» የሚል።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በባሕር ማዶ አገሮች ብዙ ቤተሰቦች የዓመት ዕረፍታቸውን መኝታና ምግብ፣ የልጆች መጫወቻም ጭምር ባሉባቸው ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ላይ ያሳልፋሉ። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ስለሌላት፣ ለመንዝና ለግሼ፣ ለመርሐቤቴም ቤተሰብ የዚህ ዓይነቱ ሽርሽር ሐይቅ ፍለጋ መውጣትን ይጠይቃል። ከሐይቆቻችንም ትልቁ ጣና ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በላዩ ከ30 የሚበልጡ ደሴቶች አሉ። በ2017 ዓ.ም. ጣና ነሽ ፪ የተባለች መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ በየብስ ወደ ሐይቁ ከተጓጓዘች ወዲህ ደግሞ ስለ ጣና ጉዞ የሚጠይቁ ቤተሰቦች በርክተዋል።

ይሁን እንጂ ምን ተይዞ እንደሚኬድ ከመዘርዘራችን በፊት፣ ምን ተስማምቶ መሄድ እንደሚገባ ማስቀደም አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል። ምክንያቱም በውኃ ላይ ቤተሰብን ለአደጋ የሚያጋልጠው የዕቃ መጓደል ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታም ነው።

በቤት ውስጥ የሚያልቅ ስምምነት

እንደሚታወቀው በእኛ ዘንድ አንዲት እናት በሰው ፊት ባለቤቷን መቃወም፣ ወይም የጀልባ ነጂውን «ሰው በዝቷል፣ አንሳፈርም» ማለት ነውር ይመስላታል። አባትም ገንዘብ ከከፈለ በኋላ፣ ልጆቹም ሐይቁን አይተው ከጓጉ በኋላ «ይቅር» ማለት ይከብደዋል። አያት ደግሞ ፈሩ እንዳይባሉ ዝም ይላሉ። ሁሉም በልቡ እየሠጋ፣ ሁሉም በይሉኝታ ይሳፈራል። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ስለዚህ ከዘመሮ ከመነሣታችሁ በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ በሦስት ነገሮች ላይ ቃል ይግባ። አንደኛ፣ ከዐዋቂዎቹ አንዱ፣ እናት ይሁን አባት ወይም አያት፣ «ይህች ጀልባ አላማረችኝም» ካለ ያለ ክርክር አይሳፈሩም። ሁለተኛ፣ ላይፍ ጃኬት የሚባለው ተንሳፋፊ ሰደርያ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃኗም ጭምር፣ ካልቀረበ ጉዞው ይቀራል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱን ልጅ በውኃ ላይ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ በስም ይለያል። «ሁላችንም እናያቸዋለን» የተባሉ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚያያቸው የለም።

ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታንዛንያ፣ በቪክቶርያ ሐይቅ ላይ ኔሬሬ የተባለችው የመንገደኞች ጀልባ ከልኳ በላይ ሰው አሳፍራ ስትጓዝ ተገልብጣ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አደጋው የደረሰው በሐይቁ መካከል ሳይሆን ከማረፊያዋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በጣልያን ጠረፍ አጠገብ ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው ታላቅ መርከብ ከዐለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሲሞቱም፣ በዚያው ዕለት ከተሳፈሩት ብዙዎቹ በአደጋ ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ገና አልተነገራቸውም ነበር። ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ ደንብ ተሻሽሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው እንዲሰጥ ተደርጓል። ትልቁ መርከብ በደንብ የሚያደርገውን፣ ትንሿ ጀልባ ላይ ቤተሰቡ ራሱ ሊያደርገው ይገባል።

ወቅቱና መንገዱ

ጥር መመረጡ መልካም ነው። ክረምቱ አልፏል፣ መንገዱ ደርቋል፤ ተማሪዎችም በሁለቱ መንፈቀ ዓመት መካከል ዕረፍት ያገኛሉ። ነገር ግን በጥምቀት ሰሞን መኝታም ሆነ መጓጓዣ ስለሚጣበብ፣ በዓሉን በአገራችሁ አክብራችሁ ብትነሡ ይሻላል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ምክንያት መንገዶች ሲዘጉና ሲከፈቱ ቆይተዋል። ስለሆነም ከመነሣታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት ከተጓዘ ሰው፣ ከመናኸሪያ ሠራተኞችና በባሕር ዳር ከሚገኝ ዘመድ ጠይቁ። «ሰላም ነው አሉ» በሚል ወሬ ብቻ ከልጆች ጋር መንገድ አይወጣም። መንገዱ የማያስተማምን ከሆነ ጉዞውን ወደ ሌላ ጊዜ ማዛወር፣ ወይም በአዲስ አበባ በኩል ወደ ሐዋሳ ሐይቅ መለወጥ ይቻላል። በዚያም ጀልባ አለ፤ ከዚህ በታች የምንሰጠው የጀልባ ምክርም ለዚያ ይሠራል።

ከዘመሮ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ በኩል፣ ከዚያም በፍቼ፣ በጎሃ ጽዮንና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነው። ከልጅና ከአረጋዊ ጋር በአንድ ቀን አይሞከርም። አዲስ አበባ ማደር፣ ሌሊት አለመጓዝና በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ እግርን ማፍታታት ይጠቅማል። የዓባይን በረሃ ሲወርዱና ሲወጡ ልጆች ስለሚያቅለሸልሻቸው፣ ከዚያ በፊት ቅባት የበዛበት ምግብ አትስጧቸው።

ጓዙ፦ ከመንዝ የሚወሰድና የሚቀር

የስንቅ ነገር ለመንዝ እናት የሚነገር አይደለም። የገብስ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ሳይበላሹ ይቆያሉ፤ ለጀልባም ይመቻሉ። ሆኖም አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። እናት ለስድስት ሰው ስንቅ ስታዘጋጅ ሰንብታ፣ በመንገድ እያጎረሰች፣ በሆቴል ልብስ እያጠበች፣ በጀልባም ዕቃ እየጠበቀች የምትውል ከሆነ ቤተሰቡ ዐረፈ እንጂ እናት አላረፈችም። ሥራውን ተከፋፈሉት። ስንቁን አባት ይያዝ፤ ትልቁ ልጅ የውኃውን ዕቃ ይረከብ። በባሕር ዳር ደግሞ አንድ ምሳ እንኳ ቆሮሶ ወይም ሌላ የጣና ዓሣ ከምግብ ቤት ገዝታችሁ ብሉ። ለልጆች እሾሁ በጥንቃቄ ይለቀም፤ ዓሣውም በሚገባ የበሰለ ይሁን።

ልብስን በሚመለከት፣ የመንዝ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ሲሆን ጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ቀን ቀን ይሞቃል፤ ፀሐዩም ከውኃው ላይ ተመልሶ ፊትን ያቃጥላል። ባርኔጣና እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ልብስ ያስፈልጋል። ጧት በጀልባ ላይ ነፋሱ ስለሚበርድ ሹራብ ይያዝ።

ጋቢና ባና በሆቴል ይቅር። በጀልባ ላይ ጋቢ ተደርቦ፣ በተለይም ተጠምጥሞ መቀመጥ አደገኛ ነው። ጋቢ ውኃ ሲጠጣ እጅግ ይከብዳል፣ እጅንም ያስራል። የላስቲክ ቦት ጫማም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ውኃ ከሞላ ለማውለቅ ያስቸግራል። አያትን «እናታችን፣ ጋቢውን ለዛሬ እንተወው» ብሎ ማግባባት የምራቲቱ ብቻ ሳይሆን የልጃቸውም ተግባር ነው።

ከጀልባው ጠርዝ

በባሕር ዳር ጀልባ ስትኮናተሩ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለአንድ ሰው? ስንት ቦታ ያደርሳል? በየቦታው ምን ያህል ይጠብቃል? ነዳጁ ተቆጥሯል? የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው የሚከፈል መሆኑንም አትርሱ። ከገንዘቡ የተወሰነውን ስትነሡ፣ ቀሪውን ስትመለሱ ለመክፈል መስማማት የተለመደ ብልሃት ነው። ካልታወቀ ደላላ ይልቅ በማኅበር ተደራጅተው ከሚሠሩ ባለጀልባዎች መኮናተርም ይመረጣል።

ከዚያም ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት የሚከተሉትን ተመልከቱ።

ጀልባው ስንት ሰው እንዲጭን እንደተፈቀደለት ጠይቃችሁ የተቀመጡትን ቁጠሩ። ታቅፎ የተያዘ ሕፃንም ሰው ነው፤ ይቆጠራል።

ሰደርያው በመቀመጫ ሥር ተከምሮ ሳይሆን በአካላችሁ ላይ ተቆልፎ ይሁን። የዐዋቂ ሰደርያ ለሕፃን አይሆንም፤ ልጁ በውኃው ውስጥ ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ለመሞከር ልጁ ሰደርያውን ከለበሰ በኋላ በትከሻው በኩል ያዙና ወደ ላይ ሳቡት። ሰደርያው እስከ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል ማለት ነው። ለጡት ልጅ የሚሆን ከሌለ ሕፃኗና አንድ ዐዋቂ ሰው በባሕር ዳር ዳርቻ ይዋሉ። ይህ ሰው የግድ እናት መሆን የለበትም፤ ልጅቱ ጠግባ ከጠባች ለአጭሩ ጉዞ አባት ወይም አያት ሊያቆይዋት ይችላሉ።

እናቶች በተለይ የሚከተለውን ልብ በሉ። በጀልባ ላይ ሕፃንን በአንቀልባ ማዘል አይገባም። እናት ወደ ውኃ ብትወድቅ፣ የታዘለው ሕፃን ፊት በውኃ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ አንቀልባውን መፍታትም በዚያ ሰዓት አይቻልም። ሕፃን ሰደርያውን ለብሶ በዕቅፍ ይቀመጣል እንጂ ከማንም ጋር አይታሰርም።

ጉዞው በጧት ይሁን። ጣና በጧት ጸጥ ብሎ ይቆይና ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ይበረታል። ከጧቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ተነሥቶ እስከ ስድስትና ሰባት ሰዓት መመለስ የሚመች አሠራር ነው። ማዕበል ከተነሣ «ቀጠሮ አለን» ብሎ ነጂውን ማጣደፍ አይገባም፤ ባሉበት ደሴት መቆየት ይሻላል።

የሚያቅለሸልሸው ሰው ከፊት ሳይሆን ከመካከል ወይም ከኋላ ይቀመጥ፤ ዓይኑንም በሩቁ ዳርቻ ላይ ያድርግ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ለልጅ የሚሰጠው ባለሙያ ሲያዝ ብቻ ነው።

ትንንሾቹ ጀልባዎች መጸዳጃ የላቸውም። ይህን ሳያውቁ የሚሳፈሩ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ስለሚውሉ ለራስ ምታትና ለድካም ይዳረጋሉ። ከመሳፈር በፊት መጸዳጃ መጠቀም፣ በመጀመሪያ ረጅም ጉዞ አለመምረጥና የወር አበባ መጠበቂያን ከእጅ ቦርሳ ሳይለዩ መያዝ መፍትሔ ነው።

ከደንገል የተሠራችው ታንኳ ልጆችን ታስጎመዣለች። የጣና ሰዎች ከልጅነታቸው የለመዷት ናት፤ ዋና የማይችል የደጋ ልጅ ግን ከዳር ሆኖ ያድንቃት።

ሴቶች የሚገቡባቸውን ገዳማት አስቀድሞ መለየት

ብዙ ቤተሰቦች የሚቸገሩበት ጉዳይ ይህ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ እንደ ሥርዓታቸው ሴት አያስገቡም። ይህን ሳይጠይቁ የሄዱ እንደሆነ አባትና ወንድ ልጅ ወደ ገዳሙ ሲገቡ እናት፣ ሴት ልጅና አያት በጀልባው ጠርዝ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ገንዘቡን እኩል አጠራቅመው፣ መንገዱን እኩል ተጉዘው፣ የዕረፍቱ ግማሽ ለሴቶቹ መጠበቅ ይሆናል። ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፤ ይከበራል። የጉዞው ዕቅድ ግን የቤተሰቡ ነው፤ ሊስተካከል ይችላል።

ለመላው ቤተሰብ የሚመቸው የመጀመሪያ ጉዞ የዘጌ ልሳነ ምድር ነው። ለባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ በቡና ዛፎች ጥላ ሥር በእግር ይኬዳል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሴቶችንም ያስገባሉ፤ በግድግዳዎቻቸው ያሉት ሥዕሎች ለልጆች ትልቅ ትምህርት ናቸው። ከመርከቡ ማረፊያ ወደ ላይ የሚያስወጣ የእግር መንገድ ስላለ አያት ምርኩዝ ይያዙ። ወንዶቹ ክብራንን ማየት ከፈለጉ፣ ሴቶቹ በዚያው ጊዜ አቅራቢያው ወደምትገኘው ወደ እንጦስ ኢየሱስ እንዲሄዱ ከባለጀልባው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል።

ጊዜና አቅም ለሚፈቅድላቸው፣ በደቅ ደሴት የሚገኘው ናርጋ ሥላሴ አለ። ይህን ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው ምዕተ ዓመት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕልም በዚያ ይገኛል። በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ የምትገኘው ቆራጣ ደግሞ የ17ኛው ምዕተ ዓመት መነኩሲት የወለተ ጴጥሮስ ስም የሚነሣባት ናት። ለሴት ልጃችሁ፣ «ይህን ሴቶች ሠርተውታል፣ መርተውታል» ብላችሁ የምታሳዩት ነገር በጣና ሞልቷል። ደቅ ግን ከባሕር ዳር ሩቅ በመሆኑ ለትንንሽ ልጆች አይመከርም።

ልብስ ጨዋ፣ ነጠላ ያልተለየው ይሁን። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት እንደ ሥርዓቱ ወደ ቤተ መቅደስ ስለማትገባ፣ የጉዞውን ቀን ስትቆርጡ ይህንንም አስቡበት። ካልተመቸ በዘጌ የቡና ጫካ መንሸራሸሩ ራሱ አንድ ቀን ያስውላል።

ከውኃው ዳር

ልጆች ውኃ ሲያዩ እግራቸውን መንከር ይፈልጋሉ። በጣና ዳርቻ የቢልሃርዚያ በሽታ አለ። የበሽታው እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ይንሳፈፍና በሰው ቆዳ በኩል ይገባል፤ ቁስል መኖር አያስፈልገውም። ስለዚህ ገብቶ መንቦራጨቅም ሆነ ልብስ ማጠብ ይቅር። ልጅ ሮጦ ገብቶ ከተገኘ ከተመለሳችሁ በኋላ ለጤና ባለሙያ ንገሩ፤ በሽታው በምርመራ ይታወቃል፣ መድኃኒትም አለው። ለመጠጥ የታሸገ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ብቻ ይሁን።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ፎቶግራፍ ለማንሣት ብሎ ነጂውን «ጠጋ በል» ማለት ራስንም ሰውንም ማስበላት ነው።

ከተመለሱ በኋላ

የመንዝ ሰው ወባን በስም እንጂ በቤቱ አያውቃትም፤ ብርዱ አያኖራትም። በጣና ዙርያ ግን ወባ አለ። በደጋ ያደገ ሰው በሽታውን የመቋቋም ልምድ በሰውነቱ ስለሌለው ሲያዝ ይጠናበታል፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ሳታማክር ወደዚያ ባትወርድ ይመረጣል። የሚያድሩበት ቤት አጎበር ያለው መሆኑን መጠየቅ፣ ከሌለ ይዞ መሄድ፣ ከመሸ በኋላ እጅና እግርን መሸፈን ይገባል። የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነም ከጉዞው አስቀድሞ በጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ዋናው አደጋ የሚመጣው ግን ቤት ከገቡ በኋላ ነው። የወባ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ትንኟ ከነከሰች ከ10 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት ከወራት በኋላም ይነሣል። በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ ዘመሮ ገብቷል፤ ልጅ ሲያተኩሰው «ብርድ ነው፣ ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ እየተጨመቀለት ቀኑ ያልፋል። ከባዱ የወባ ዓይነት ግን በአንድና በሁለት ቀን ሕፃንን ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ከተመለሳችሁ በኋላ ከቤተሰቡ ማንም ሰው ቢያተኩሰው፣ ቢያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን ቢያመው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እዚያም ሳትጠየቁ፣ «ወደ ጣና ወርደን ነበር፤ ደሙ ለወባ ይታይልን» በሉ። በደጋ ያለ የጤና ሠራተኛ ይህን ካልሰማ ወባን ላይጠረጥር ይችላል። ልጆቹን ያልተከተሉ ጎረቤቶችና የትምህርት ቤት መምህራንም ጉዞውን ቢያውቁ መልካም ነው።

ለዘመሮዋ እናትና ለመሰሎቻቸው የምንለው ይህንኑ ነው። ስንቁንም አጎበሩንም ያዙ። ከሁሉ በፊት ግን ባልና ሚስት፣ አያትም ጭምር፣ በምድጃ ዙርያ ተቀምጣችሁ «እምቢ» የሚባልበትን ነገር በስምምነት ቁረጡ። በየብስ የተቆረጠ ቃል በውኃ ላይ ይሉኝታን ያሸንፋል። መልካም ጉዞ።